ከወለሉ ላይ የለቀምኩት ቴምር

ሠርጉ ሊደርስ ዘጠኝ ቀን ሲቀረው፣ የልጄን የታጠበ ልብስ ላስገባ መሳቢያዋን ብከፍት ከካልሲዎቹ ሥር የተደበቀ ደብዳቤ አገኘሁ። ደብዳቤ እፈራለሁ። ለንደን ከመጣሁ ጀምሮ በቤቴ በር ቀዳዳ ገብቶ ደስ ያሰኘኝ ወረቀት የለም። ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ ስለቆመ እንግሊዝኛውን ማንበብ አልችልም፤ መልኩን ግን አውቃለሁ። የሰፈሩን አስተዳደር፣ የካውንስሉን፣ በፖስታው ቀለም፣ የሐኪም ቤቱን በማኅተሙ፣ የጋዙን በቀዩ ጽሑፍ እለየዋለሁ። ይሄኛው ላይ የማላውቀው አገር ባንዲራ ነበረበት፤ ነጭ ሆኖ መሐሉ ላይ ቀይና ሰማያዊ የተጠቀለለበት ክብ። ከሥሩ ደግሞ እኔም የማነባት አንዲት ቃል አለች፦ ቪዛ። ሌላ ምንም የማያነብ ስደተኛ እንኳ እቺን ቃል ያውቃታል።

ካልሲዎቹን እንደነበሩ ላዩ ላይ ደርድሬ መሳቢያውን ዘጋሁ። ማታ ከሥራ ስትገባ ልጠይቃት አፌን ከፈትኩ። የወጣው ግን "ምስር ወጥ አለ፣ ላሙቅልሽ?" የሚል ነው። እኔ እንዲህ ነኝ። ፍርሃቴ ጉሮሮዬ ላይ ሲደርስ ወጥ ይሆናል።

ሌላ ጊዜ ቢሆን ደብዳቤ ሲመጣ ለእሷ እሰጣታለሁ፣ ታነብልኛለች። ከዘጠኝ ዓመቷ ጀምሮ እንዲያ ነው የኖርነው። የቤቱን ፎርም የሞላችው እሷ ናት። የመንግሥት ድጎማ በሚሰጥበት ቤኔፊት ቢሮ እኔ ተቀምጬ፣ ቆማ የምትከራከርልኝ እሷ ናት። ሐኪሙ ስለ ማሕፀኔ ሲጠይቀኝ የትምህርት ቤት ቦርሳዋን አቅፋ መሐላችን ቆማ፣ "እማ፣ ይሄን እኔ መስማት ያለብኝ አይመስለኝም" ያለችውም እሷ ናት። ሰው ልጅ ያሳድጋል፤ እኔ ያሳደግኩት ዓይኔንና ጆሮዬን ነው። አባቷ አዲስ አበባ ሌላ ትዳር ይዞ ከቀረ ወዲህ እዚህ አገር ሌላ ሰው የለኝም።

እነዚያን ዓይንና ጆሮ እንግዲህ አንድ ረጅም ኮሪያዊ ሊያገባቸው ነው። ማግባቱን ችዬዋለሁ። ልጁ መጥፎ አይደለም። ማንም ሳይነግረው በራችን ላይ ጫማውን ያወልቃል፣ ወጤን እያላበው ይበላል፣ ከበላ በኋላ ሳህኑን ያጥባል። የፈራሁት ይዟት ይሄዳል ብዬ ነው። እሱ ለትምህርት መጥቶ በዚያው ሥራ ይዞ የቀረ ነው፤ እናትና አባቱ ሴኡል ናቸው፣ ቤትም አላቸው። እንደዚህ ያለ ሰው አንድ ቀን ጠዋት ተነስቶ ልሂድ ቢል ማን ይከለክለዋል? ልጄ ደግሞ ቪዛ ከካልሲ ሥር ደብቃለች።

በማግስቱ እሷ ሥራ ስትሄድ ደብዳቤውን በስልኬ ፎቶ አንስቼ ሃርልስደን ወዳለችው ጓደኛዬ ሄድኩ። ጓደኛዬ የቤተ ክርስቲያን ጓደኛዬ ናት፤ ሽማግሌዎች የሚጦሩበት ቤት ትሠራለች። ከኔ በሦስት ክፍል ትበልጣለች፣ እነዚያን ሦስት ክፍሎች አንድም ቀን አስረስታኝ አታውቅም። መነጽሯን ፈልጋ አደረገች፣ ስልኩን ራቅ አድርጋ ያዘች፣ ቀረብ አደረገች፣ ቆየች።

"ኮሪያ ነው" አለችኝ።

እሱንማ ባንዲራውም ነግሮኛል አልኳት። እንደገና ቆየችና የሚስት ቪዛ ነው፣ ለጉብኝት ሳይሆን ለመኖር ነው አለች። ለስንት ጊዜ እንደሆነ ብጠይቃት ያ የሚኖረው ሁለተኛው ገጽ ላይ ነው፣ ሁለተኛው ገጽ የታለ አለችኝ። እኔ ያነሳሁት አንዱን ገጽ ብቻ ነው። ወረቀት ጀርባ እንዳለው የሚያውቅ የተማረ ሰው ነው።

ኋላ ቤት ተመልሼ ላነሳው ስል ልጄ ከሥራ ገብታ መሳቢያዋን ቆልፋው አገኘሁ።

ጓደኛዬ የኮሪያ ድራማ ታያለች። ከሥራ መልስ አንድ ሁለት ክፍል ሳታይ ስለማትተኛ ስለዚያ አገር የማታውቀው ያለ አይመስላትም። ስለዚህ ሻይ አፍልታ ቁጭ አደረገችኝና የሚጠብቀንን ዘረዘረችልኝ። እዚያ አገር አማት ማለት ንጉሥ ናት። ምራቷን ካፌ ትጠራታለች፣ በትሕትና ታስቀምጣታለች፣ ከዚያ አንድ ብርጭቆ ውሃ ፊቷ ላይ ትቸልስባታለች።

"ምን አድርጋ?" አልኳት።

"ምንም። ምክንያት አያስፈልጋቸውም።"

"ሁሉም ናቸው እንዲህ?"

"እኔ ባየኋቸው ሁሉ። መጨረሻ ላይ ልጅቷን መኪና ይገጫትና የምታውቀውን ሰው ሁሉ ትረሳለች።"

"እኔንም?"

"አንቺን መጀመሪያ።"

ከሃርልስደን እስከ ስትሪትሃም ባሱ ላይ ሆኜ የመጣሁት እንዴት እንደሆነ አላስታውስም።

ድግሱ ሁለት ነው፤ የኛን ከኮሪያዎቹ አንድ ሳምንት ቀድመን፣ ቅዳሜ፣ ሰቨን ሲስተርስ አንድ አዳራሽ ውስጥ ደገስን። የልጁ ወላጆች ከሴኡል መጥተው ፊት ለፊት ተቀመጡ። አባትየው ቁርጥ ሥጋ ሲቀርብለት በልቶ ደገመ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ እሱን መጥላት አልቻልኩም። እናትየዋ ግን ሦስት ሰዓት ሙሉ ጀርባዋ ወንበሩን ሳይነካ ተቀመጠች። ስትስቅ አፏን በእጇ ትሸፍናለች። ምን እንደምትሸፍን እግዜር ይወቀው። ጓደኛዬ በጆሮዬ፣ ከፊቷ ያለውን የውሃ ብርጭቆ አንሺው አለችኝ። አነሳሁት። ሴትዮዋ ጠምቷት ሌላ አስመጣች።

ልጄን የዚያን ሳምንት በሙሉ ልጠይቃት እየተነሳሁ ወጥ ሳሞቅ ከረምኩ። እሷም ዓይኔን አታይም። ሐሙስ ማታ ግን ትልቅ ሮዝ ቀሚስ ይዛ መጣች። በነሱ ወግ የሴቷ እናት ሮዝ፣ የወንዱ እናት ሰማያዊ የአገራቸውን ቀሚስ ትለብሳለች፣ አማቴ ናት ያሰፋችልሽ አለችኝ። ለበስኩት። ቀሚሱ ከብብት ሥር ጀምሮ ይነፋል። መስታወቱ ፊት ቆምኩና፣ "ልጄ፣ እኔ የሙሽራ እናት ነኝ ወይስ ድንኳኑ?" ብላት መሬት ላይ ተቀምጣ እስክታለቅስ ሳቀች። ሳቋ መሐል ላይ ልጠይቃት ነበር። ግን እንዲህ ያለ ሳቋ ስንት እንደቀረኝ ስለማላውቅ ቀሚሱን ማውለቅ ጀመርኩ። መጨረሻ ላይ ጥለቱ ሮዝ የሆነ የሀበሻ ቀሚስ ልለብስ ተስማማን።

የነሱ ድግስ የተደረገው ኒው ሞልደን ነው። ኮሪያዎቹ የሚበዙት እዚያ ነው፤ የልጁ አጎትም እዚያው ግሮሰሪ አለው። ጓደኛዬና እኔ ሁለት ባስ ቀይረን ደረስን። አዳራሹ ፀጥ ያለ ነው። ሰው ሁሉ በሰዓቱ መጥቷል፣ በዚያ ላይ በተጻፈለት ወንበር ተቀምጧል። የኛ ሰዎች አንድ ሰዓት አርፍደው ሲገቡ የተቀመጠው ሰው ሁሉ ዞሮ አያቸው፤ ሠርጉ የተጀመረው እነሱ ሲገቡ መስሏቸው እልል አሉ።

ድግሱ የሚከፈተው ሁለቱ እናቶች እጅ ለእጅ ተያይዘው መሐል ለመሐል ሄደው ሻማ ሲያበሩ ነው። ሻማ ለኔ አዲስ ነገር አይደለም፤ ጧፍ ሳበራ ነው ያደግኩት። የሴትዮዋ እጅ ግን በረዶ ነበር። ይቺ ሴት ደም የላትም ብዬ አሰብኩ። ሻማዎቹን አበራንና ፊት ለፊት ዞርን። ከዚያ እጅ መነሳሳት አለብን።

ጎንበስ አለች። እኔም ጎንበስ አልኩ። ነገሩ እዚህ ላይ ማለቅ ነበረበት። ነገር ግን እኔ ባደግኩበት ቤት፣ እጅ ከሚነሳሽ ሰው ቀድሞ ቀና ማለት ብልግና ነው፤ እሷም ባደገችበት ቤት እንደዚያው ሳይሆን አይቀርም። ትንሽ ዝቅ አለች። እኔም ዝቅ አልኩ። ልጄን እንደምትወስጂ አውቄብሻለሁ፣ በትሕትና ግን አትበልጪኝም እያልኩ ነው በልቤ። ይበልጥ ዝቅ አለች። እሷ ጫማዬን፣ እኔ ጫማዋን እያየን ቆየን። ድግሱን የሚመራው አጎትየው በማይክሮፎኑ ጉሮሮውን ጠረገ። የኛ ሰዎች ጸሎት የተጀመረ መስሏቸው ተነስተው ቆሙ፣ እነሱ ሲቆሙ ኮሪያዎቹም ቆሙ። በመጨረሻ ወገቤ ወሰነልኝ። ቀና ስል እሷ ገና እዚያው ነበረች። አሸነፈችኝ።

ቀጥሎ አጎትየው ንግግር አደረገ። የኛ አገር ወታደሮች በዚያ በድሮው ጦርነት ለነሱ ሊዋጉ መጥተው እንደነበር፣ ውለታውን እንዳልረሱት ተናገረና ወደኔ ዞሮ እጅ ነሳ። አዳራሹ በሙሉ ወደኔ ዞሮ እጅ ነሳኝ። እኔ ያን ጊዜ አልተወለድኩም። ግን ምን ልበል፣ እንደዘመተ ሰው ራሴን ነቀነቅኩላቸው። መቼስ አንድ ጊዜ ረድተናችኋል፣ ደግሞ አሁን ልጅ ጨምሩ ትሉናላችሁ ወይ ብዬ ብጠይቅ ደስ ባለኝ።

ጠረጴዛው ላይ ሁለት የእንጨት ዳክዬዎች ተቀምጠዋል። ጓደኛዬ ጣዖት ናቸው፣ ዓይንሽን አንሺ ብላ አማተበች። ልጄን ብጠይቃት ባልና ሚስት ናቸው፣ እንዳይለያዩ ነው አለችኝ። ጠጋ ብዬ ሳይ የሴቷ አፍ በቀጭን ክር ታስሯል።

"ይሄስ?"

"ድሮ ሚስት ዝም እንድትል ነው አሉ። አሁን ለጌጥ ነው፣ እማ።"

ቤኔፊት ቢሮ ያለችውን ሴትዮ ያስለቀሰች ልጄን አየኋት። ለክሩ አዘንኩለት።

ከምሳ በኋላ ከመጋረጃ ጀርባ ወዳለች ክፍል ወሰዱን። እዚያ የሚገባው የቅርብ ቤተሰብ ብቻ ነው፤ ጓደኛዬም ማንም ሳይጠራት ገባች። ድሮ ድሮ የሴቷ እናት ጭራሽ እዚህ አትገባም ነበር አሉኝ። ከበሩ መልሰውኝ ቢሆን ኖሮ የሆነው ሁሉ ባልሆነ። ወለሉ ላይ ምንጣፍ፣ ምንጣፉ ላይ አጭር ጠረጴዛ አለ። ጠረጴዛው ላይ ቀይ ቴምር፣ እዚህ ለንደን በገና ሰሞን መንገድ ላይ የሚጠብሱት ቡናማ ፍሬ፣ የደረቀ ሥጋና መጠጥ ተደርድሯል። የልጁ ወላጆች ከጠረጴዛው ጀርባ ትራስ ላይ ተቀመጡ። እኔን ወደ ጎን አስቀመጡኝ።

ሙሽሮቹ የአገሩን ልብስ ለብሰው ገቡና ለወላጆቹ ሰገዱ። ጎንበስ ማለት አይደለም፤ ተንበርክኮ ግንባርን ከእጅ ላይ ማድረስ ነው። ልጄን ሁለት ሴቶች ግራና ቀኝ ደግፈው ዝቅ አደረጓት። እኔንም ባለፈው ቅዳሜ ጉልበቴን ስመውኛል፣ አልተረሳሁም። ግን ያኔ ሙዚቃው ይጮሃል፣ ፎቶ አንሺው አልወጣልኝም ድገሙት ይላል፤ ሁለቴ ተሳምኩ፣ አንዱም አልተሰማኝም። ይሄኛው ግን ፀጥ ብሎ ነው። በዚያ ፀጥታ ውስጥ ልጄ ግንባሯን ለሌላ ሴት ስታወርድ አየሁና፣ በቃ፣ ተሰጠች አልኩ።

ከዚያ ሙሽሮቹ ነጭ ጨርቅ በሁለት በሁለት ጫፍ ይዘው ዘረጉ። አማትየዋ ከጠረጴዛው ቴምርና ፍሬ ዘግና ወረወረች። በጨርቁ የያዙትን ያህል ልጅ ይወልዳሉ ማለት ነው አሉኝ። አባትየውም ዘግኖ ወረወረ። ቁርጥ ሥጋውን የበላው እጁ ኃይለኛ ነው፤ ግማሹ ጨርቁን አልፎ ግድግዳው ጋ ደረሰ። ሰው ሳቀ፣ አጨበጨበ። ቴምሩ ወለሉ ላይ ይንከባለላል።

እህል ሲወረወር አይቼ አላውቅም። እኛ ቤት ጉርሻ ከእጅ ቢያመልጥ ተነስቶ ይሳማል እንጂ አይረገጥም፤ አባቴ ለዚህ ነገር በጥፊ ነው ያስተማረኝ። ይሄ ደግሞ ተራ እህል አይደለም፣ ልጅ ነው ብለውኛል። የልጅ ልጆቼ ወለል ላይ ይንከባለላሉ፣ አንድም ሰው አያነሳቸውም። አንዲቱን ጓደኛዬ በጫማዋ ልትረግጣት ስትል አላስቻለኝም። ነጠላዬን ሰብሰብ አድርጌ በጉልበቴ ወረድኩ።

አንዷን አንስቼ ሳምኳት፣ ነጠላዬ ጫፍ ላይ አስቀመጥኳት። ሁለተኛዋን ሳምኩ። እያልኩ እያልኩ ጠረጴዛው ጋ ደረስኩ። አንዲት ፍሬ አማትየዋ ከተቀመጠችበት ትራስ ሥር ገብታለች። ሁለት እጄን ምንጣፉ ላይ አስደግፌ፣ ግንባሬ ወለሉን እስኪነካ አጎንብሼ ከሥር ተመለከትኩ። እዚያ ሆኜ ክፍሉ ፀጥ ማለቱ ተሰማኝ። ቀና ብል ሴትዮዋ ከትራሷ ወርዳለች። ያ ወንበር ነክቶ የማያውቅ ጀርባ ለሁለት ታጥፎ ግንባሯ ምንጣፉ ላይ ነው፣ እኔው ፊት።

መጀመሪያ ልታግዘኝ የመጣች መሰለኝ። ጥሩ ሴት ናት እንግዲህ አልኩና ፍሬዋ ያለችበትን በጣቴ አሳየኋት። አላየችም። ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል።

"እማ፣ ተነሺ" አለች ልጄ ከኋላዬ። "የሰገድሽላት መስሏታል።"

ልነሳ ብል ጉልበቴ እንቢ አለኝ። ቢሮ ሳጸዳ የጨረስኩት ጉልበት ነው። ሴትዮዋ ቀና ብላ ክርኔን ያዘችኝ። ዓይኗ ቀልቷል። የሷም እንግሊዝኛ እንደኔው ነው፣ በየቃሉ መሐል ትንፋሽ አለበት።

"ገብቶኛል" አለችኝ። "አንቺ እናት። እኔ እናት። አትፍሪ። ሴኡል ቤት፣ ወለሉ ሙቅ። ሁለት ዓመት። ልጅሽ፣ ልጄ። እኔ እጠብቃለሁ።"

ስንት ቀን ሙሉ የፈለግኩት ሁለተኛ ገጽ ይኸው ተነበበልኝ። ሴትዮዋ ልጄን አደራ ልላት የተደፋሁ መስሏት ነበር። እኔ ግን ከትራሷ ሥር ፍሬ እየፈለግኩ ነበር።

ወደ ልጄ ዞርኩ። የዚያ ሁሉ ቀን ወጥ ያን ሰዓት ከጉሮሮዬ ወረደ።

"ሁለት ዓመት?"

"ልነግርሽ ነበር፣ እማ።"

"መቼ? ከአውሮፕላኑ መስኮት እያውለበለብሽ?"

"ስለምትፈሪ ነው ያልነገርኩሽ።"

"እኔም የምፈራው ስለማትነግሪኝ ነው።"

ጓደኛዬ በዚህ መሐል "ለመኖር ነው ብዬሽ አልነበር?" አለች።

አማትየዋ አማርኛ አታውቅም፤ ግን አንዴ የኔን ፊት አንዴ የልጄን ፊት አየችና ያልተነገረኝ መሆኑ ገባት። ከዚያ ወደ ልጇ ዞረች። የተናገረችው አጭር ነው። ቃሉን ባላውቀውም ቃናውን አውቀዋለሁ፤ እኔም አለችኝ ያቺ ቃና። ከተናገረች በኋላ ጀርባውን በመዳፏ ጧ አደረገችው። ሐር ልብስ እንደዚያ እንደሚጮህ አላውቅም ነበር። ልጁ አንገቱን ደፋ። ያን ጊዜ መጀመሪያ ደስ አለችኝ። ውሃ የምትደፋ ከሆነ እንኳ በማን ላይ እንደምትደፋ የምታውቅ ሴት ናት።

አጎትየው ከዚህ ሁሉ ምንም አልሰማም። አዳራሽ ውስጥ በማይክሮፎኑ እየጮኸ ጠራን። አሁን ሙሽራው ጉልበቱን የሚያሳይበት ሰዓት ነው፤ መጀመሪያ ሙሽሪትን፣ ቀጥሎ እናቱን በጀርባው አዝሎ አዳራሹን ይዞራል። ልጄን አዝሎ ዞረ። ሰው አጨበጨበ። የእናቱ ተራ ሲደርስ ሴትዮዋ እጇን አወናጨፈች፣ እኔን በትከሻዬ ይዛ ወደፊት ገፋችኝና ለልጇ አንዲት ቃል ተናገረች። እሱም ወዲያው ፊቴ በርከክ አለ።

ሰው ካዘለኝ አርባ ዓመት አልፎኛል። እኔ ባቡር ጣቢያ የሚንቀሳቀሰውን ደረጃ እንኳ በጸሎት ነው የምወጣው። በዚያ ላይ ልጁ ረጅም ነው እንጂ ጠንካራ የሚባል አይደለም፤ እኔ ደግሞ ቀላል አይደለሁም። ከኋላ የኛ ሴቶች ገፍተው ጫኑኝ። ተነሳ። አዳራሹ ከታች ቀረ። በአንድ እጄ ቴምሩን የቋጠርኩበትን የነጠላዬን ጫፍ፣ በሌላው አንገቱን ያዝኩ። መራመድ ጀመረ። በየእርምጃው ያቃስታል። እናም ከዚያ ከፍታ ላይ፣ ከጀርባው ካልወረድኩ ይህ ልጅ የትም ሊሄድ እንደማይችል ገባኝ።

"ስንት ዓመት?" አልኩት በጆሮው፣ በዚያችው እንግሊዝኛዬ።

"ሁለት፣ እማዬ።"

"አንድ።"

"የሥራው ውል ነው፣ ሁለት ዓመት ነው የፈረምኩት..."

አንገቱ ላይ ያለውን ክንዴን ጠበቅ አደረግኩ። ሰው ያጨበጭባል። የኛ ሴቶች እልል ይላሉ።

"አንድ ዓመት ተኩል" አለ በቀጭን ድምፅ።

"ደብዳቤዬንስ ማን ያነባል?"

"ፎቶ አንስተው ይላኩልን። በዚያው ቀን እናነባለን።"

"ሁለቱንም ገጽ?"

ምን እንዳልኩት አልገባውም፤ ግን እሺ አለ። እሺ ካለ በኋላም አልወረድኩም። አንድ ዙር ሙሉ አዞርኩት።

ሄዱ። ሂትሮው ላይ አለቀስኩ፣ ይህን መቼም ማንም አይከለክለኝም። በሦስተኛው ቀን ሻይ አፍልቼ ስዞር በሩ ሥር የወደቀ ደብዳቤ አየሁ፤ ያው የካውንስሉ ቀለም ነው። እንደ ተባልኩት ፊቱንም ጀርባውንም ፎቶ አንስቼ ላክሁ። ቶሎ መለሰችልኝ፤ የቆሻሻ መጣያው ቀን ተቀይሯል ነው የሚለው። ለዚያ ነበር ሻዬን ሳልጠጣ ያቀዘቀዝኩት። አማትየዋም አልፎ አልፎ ትጽፍልኛለች፤ መጻፍ አይባልም፣ ፎቶ ትልካለች። ልጄ ወለል ላይ ተጋድማ ስትተኛ። ሙቅ ነው ያለችው እውነቷን ነው ማለት ነው። እኔም የስትሪትሃምን ዝናብ አንስቼ እልክላታለሁ፤ የምሰጣት ሌላ ነገር የለኝም።

ከወለሉ የለቀምኳቸውን አምስት ቴምርና ሁለት ፍሬ በብርጭቆ አድርጌ መደርደሪያ ላይ አስቀመጥኳቸው። ጓደኛዬ በመጣች ቁጥር ትቆጥራቸዋለች፤ ሰባት ልጅ ነው ትላለች። አንድ ዓመት ተኩል የተባለው ሦስት ዓመት ከሁለት ወር ሆኖ ሲመለሱ አንድ ልጅ ይዘው መጡ። ጓደኛዬ እዚያው ሂትሮው ላይ፣ "ስድስቱ የታሉ?" ብላ ጠየቀቻቸው።

ሙሽራው ሻንጣውን አስቀምጦ፣ እንደኛ ወግ ጉልበቴን ሊስም በርከክ አለ። ጎንበስ ሲል በአንድ እጁ አንገቱን ሸፍኖ ነበር።